ጥላው ጥቁር አይደለም፦ የዲጂታል ስዕል ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ክበባችን ያገኘው ቦታ ሁለት መስመር ነበር። "የዲጂታል ስዕል ክበብ ተመሥርቶ በመንቀሳቀስ ላይ ይገኛል" ይላል። ዘንድሮ አዘጋጆቹ ቦታ ሰፋ አድርገው ሰጥተውኛል። እግዜር ይስጥልኝ። አንዲት ጥግ አላስተርፍም።

በመጀመሪያ መምህራን ክፍል ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳውን ጥያቄ ልመልስ። "እነዚህ ልጆች ስልክ ላይ ተጥደው ምን ይሠራሉ?" ይባላል። ይስላሉ። ዘንድሮ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የታገሉት ከአንድ ነገር ጋር ነው፤ ከብርሃንና ጥላ ጋር።

ለምን እሱን መረጥን? መስከረም ላይ የልጆቹን ሥራ ሰብስቤ አየሁት። መስመራቸው ጎበዝ ነው፣ ቀለማቸውም ያምራል። ግን ሰውም፣ ግድግዳም፣ ዛፍም ከወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። አንዳንዶቹ ይሄ ነገር ገብቷቸዋል። መፍትሔ ያሉት ግን ለስላሳውን ብሩሽ አንስቶ የሁሉንም ነገር ጠርዝ ዙሪያውን ማጥቆር ነው። ብርቱካን ብትሆን ዙሪያዋን፣ ፊት ቢሆን ዙሪያውን። "ፀሐይዋ የት ናት?" ስትላቸው ዝም። ዙሪያው እኩል ከጠቆረ ብርሃኑ ከየትም አልመጣም። ብርሃኑ ከየትም ካልመጣ ደግሞ ዕቃው ድቡልቡል መሆኑን ዓይን አያምንም።

ስለዚህ የክበባችን የመጀመሪያ ሕግ "ብርሃኑ ከየት ነው?" ሆነ። ብሩሽ ከመነሳቱ በፊት ስዕሉ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ይሰመራል። ቀስት የሌለው ስዕል አይታይም። አሁን ልጆቹ ይህችን ጥያቄ ኮሪደር ላይ መቀለጃ አድርገዋታል። የፈተና ውጤቱ የከፋበትን ጓደኛቸውን ሳይቀር "ብርሃኑ ከየት ነው?" ይሉታል።

የረቡዕ ስብሰባዎቻችንን አንድ በአንድ አልዘረዝርም። ኮሚቴ ተመረጠ፣ ዕቅድ ወጣ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ፋይሉ ቢሮ አለ፤ ማየት የሚፈልግ ይይ።

የጀበናውን ቀን ግን አልዘለውም። ረቡዕና መብራት አይዋደዱም። አንድ ረቡዕ ኮምፒውተሮቹን ከፍተን ገና ሳንቀመጥ ድርግም። ልጆቹ ቦርሳቸውን ሲያነሱ "ቁጭ በሉ" አልኳቸው። ከመምህራን ሻይ ክፍል ጀበናና ሲኒ ተዋስን። መጋረጃውን ዘጋን። አንድ ልጅ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ከግራ ያዘ።

እስኪ ቤታችሁ ሞክሩት። የጀበናው ሆድ ከብርሃኑ እየራቀ ሲዞር ቀስ እያለ ይጠቁራል። ትልቁ ጥቁረት ያለው ግን መጨረሻው ጠርዝ ላይ አይደለም፤ ከጠርዙ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ጠርዙ ራሱ መልሶ ፈካ ይላል፤ ምክንያቱም ጠረጴዛው ላይ ያረፈው ብርሃን ተመልሶ ይነካዋል። ጠረጴዛው ላይ የወደቀው ጥላም አንድ ዓይነት አይደለም። የጀበናው መቀመጫ ሥር ድቅድቅ ያለና ጠርዙ የተቆረጠ ነው። እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል፣ ጠርዙም ይለሰልሳል። ከዚያ ነጩን ሲኒ በጥላው በኩል አስጠጋነው። የጀበናው ጥቁር ሆድ በራ። "ቲቸር፣ ሲኒው መብራት ሆነ!" አለ አንዱ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል የሚለውን በቀመር ስንቴ ጽፌዋለሁ። የገባቸው ግን ያን ዕለት ነው፤ ልጁ ስልኩን ይዞ ወደ ኋላ ሲራመድ፣ ጀበናው ሲደበዝዝ።

ያዩትን ወደ ስክሪን ማምጣት ሌላ ሥራ ነው። ኮምፒውተር ላይ ክሪታ፣ ስልክ ላይ ኢቢስ ፔይንት የሚባሉትን የስዕል መተግበሪያዎች እንጠቀማለን። ክሪታ ነፃ ነው፣ ኢቢስ ፔይንትም ሳይከፈል ይሠራል። ታች ባለው ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚነባበር የስዕል ገጽ) ላይ የዕቃው ቀለም ብቻ ይቀባል፤ ጥላም ብርሃንም የለበትም። ከላዩ አዲስ ሌየር ይከፈትና "መልቲፕላይ" ላይ ይደረጋል። እዚያ ላይ የቀባኸው ቀለም የታችኛውን ያጠቁረዋል እንጂ አይሸፍነውም። ቀዩ ጋቢ ጥላ ውስጥም ቀይ ሆኖ ይቀራል። የሚወድቀው ጥላ ጠርዙ ጠንከር ባለ ብሩሽ፣ ድቡልቡሉ ነገር ላይ ያለው ደግሞ በለስላሳው ይሠራል። መጨረሻ ላይ ስዕሉን ለአፍታ ጥቁርና ነጭ አድርገን እናየዋለን። ቀለሙ ሲወጣ ስዕሉ አሁንም ከቆመ፣ ብርሃኑ ልክ ነው። ቀለሙ ሲወጣ ሁሉም አንድ ግራጫ ከሆነ፣ ሲያታልለን የነበረው ቀለሙ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አልፈታ ብሎን ቆየ። ልጆቹ ጥላ ሲባል ጥቁር ይመርጣሉ። ነጭ ነጠላም ላይ ጥቁር፣ ፊትም ላይ ጥቁር። ስዕሉ በሙሉ ጥላሸት የነካው ይመስላል። ብነግራቸው አይሰሙም። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን የምሰማ አይመስለኝም።

ጥር ላይ ሐይቅ ከተማ ሄድን። የኮስትሩን ኪራይ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የሸፈኑት፤ የመምህራንን ምስል በስልክ እየሳሉ ሸጡ። አንድ መምህር (ስም አልጠራም) ሁለት ጊዜ ነው የተሳሉት። በመጀመሪያው ላይ መላጣቸው አለቅጥ አብርቷል ብለው። ተማሪው ግን ልክ ነበር፤ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ የብርሃኑ ነጥብ ትንሽና ጠንካራ ነው የሚሆነው።

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ቦሩ ሜዳን አልፈን ቁልቁለቱን ስንይዝ የለበስነውን ማውለቅ ጀመርን። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ ወንዶቹን ብቻ ከማስገባት ሁላችንም የውሃው ዳርቻ ላይ መቆየትን መረጥን። መንገድ ላይ ግን አንዱ ጥሩ ጥያቄ አነሳ። በጥንቱ የብራናና የቤተ ክርስቲያን ስዕል ላይ ቅዱሳኑ መሬት ላይ ጥላ የላቸውም፤ ታዲያ እነዚያ ሠዓሊዎች ብርሃን አያውቁም ነበር? አልኩት፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እዚህ ገዳም ሲያስተምሩ 13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የዚያ ዘመን ሠዓሊ የሚስለው አንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያረፈችበትን ሰው አልነበረም። ጥላ ሰዓትን ይናገራል። ቅዱሱን ሰዓት ውስጥ ማሰር የፈለገ አልነበረም። እኛ ግን የምንስለው እናታችንን፣ ሰፈራችንን ነው። ሰዓት አለን። ልጁ "እሺ" አለ፤ ያመነኝ ግን አልመሰለኝም።

ዳርቻው ላይ መሳል ከለከልኩ። ጥላ ብቻ እንዲያዩና ቀለሙን ደብተር ላይ እንዲጽፉ። አንድ አሣ አጥማጅ አባት ምን እንደምንሠራ ጠየቁን። ነገርናቸው። "አጃኢብ ነው! ጥላ ፍለጋ ከደሴ ድረስ መጣችሁ? ጦሳ ጥላ ነሳችሁ እንዴ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ደሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ቶሎ ስለምትገባ ጥላው ቀድሞ ከተማው ላይ ይተኛል።

ደብተሮቹን ስዞር "ጥቁር፣ ግራጫ፣ ጥቁር" ይላሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን ምንም አልጻፈችም። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ክበቡ ውስጥ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። የምትስልበት ስልክ የወንድሟ ነው። ወንድሟ ባጃጅ ስለሚነዳ ስልኩን የምታገኘው ማታ ማታ ነው፤ ለዚያ ቀን አስፈቅዳ ይዛው መጥታለች። ነጠላዋን ሣሩ ላይ ዘርግታ፣ እጇን ከላዩ አድርጋ፣ የእጇን ጥላ ታያለች።

"ቲቸር፣ ጥቁር አይደለም እኮ" አለችኝ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ሰማያዊ ነገር ነው። ግን ልክ አይመስለኝም።"

አጠገቧ ያሉት ሳቁ። እሷ አልተከራከረችም። ነጠላውን ፎቶ አነሳች፣ ኢቢስ ፔይንት ላይ ከፈተችው፣ ቀለም መምረጫውን ጥላው ላይ አሳረፈች። የወጣውን ቀለም ባዶ ገጽ ላይ ቀባችው። ሰማያዊ። ግራጫ የገባበት፣ ግን ጥርት ያለ ሰማያዊ። ሳቁ ቆመ። ሁሉም የየራሱን ስልክ አውጥቶ ጥላ ለቀማ ገባ። ሣር ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ የጓደኛ ሸሚዝ ላይ።

ነገሩ ቀላል ነው። ጥላ ውስጥ የቀጥታው የፀሐይ ብርሃን ተጋረደ እንጂ የሰማዩ አልተጋረደም። ሰማዩ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ነጭ ጨርቅ የመጣለትን ነው የሚያሳየው። ዳርቻው ላይ የተጎተተችው ጀልባ ሆድ ደግሞ ከውሃው በተመለሰ ብርሃን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከታች ወደ ላይ የሚበራ ጥላ። የቀረውን ቀን እኔ ምንም አላስተማርኩም። እየዞርኩ ማየት ብቻ።

ከዚያ ወዲህ ጥቁሩን ቀለም የሚነካ ጠፋ። ሰኞ ገበያ ልከናቸው ከሸራው ሥር የተቀመጠ ሰው ፊት የሸራውን ቀለም እንደሚይዝ ለይተው መጡ። ሰማያዊው ሸራ ሥር ያለው በርበሬ ከፀሐዩ በርበሬ ጋር አንድ ቀለም አይደለም፤ ገዢው ግን ሁለቱንም በርበሬ ነው የሚለው።

የልጅቷ የዓመቱ መጨረሻ ሥራ እናቷ ከሰል ምድጃ አጠገብ ቡና ሲቆሉ ነው። ሁለት ብርሃን አለው። ከታች የፍሙ፣ ከጎን በበሩ የሚገባው የጠዋት። ፍሙ የነካው የአገጩን ሥርና የቅንድቡን ሥር ብቻ ነው፤ እዚያ የታችኛውን በሚያፈካው "ስክሪን" በሚባለው አማራጭ ብርቱካናማ ሌየር ጨምራለች። ጉንጩ በበሩ በኩል ቀዝቀዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ዓይኖቹን ጨለማ ውስጥ ትታቸዋለች። እኔ ብሆን አበራቸው ነበር። እሷ ግን ብርሃኑ እዚያ አይደርስም አለች፤ አሳየችኝም። በጣት ነው የተሳለው። በወንድሟ ስልክ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል።

የወላጆች ቀን ዐውደ ርእያችን እንዳሰብነው አልሄደም። ያሳተምናቸው ስዕሎች ጠቁረው መጡ። ስክሪን ራሱ ያበራል፤ ወረቀት ግን ያረፈበትን ብቻ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ስልክ ላይ የሚታየው የጥላ ውስጥ ዝርዝር ወረቀት ላይ ተዘጋ። አሁን ከማሳተማችን በፊት ጥላውን አንድ ደረጃ እናፈካለን። ያን ቀን ግን ያለን መፍትሔ የእኔን ላፕቶፕ በር ላይ ማስቀመጥ ነበር፤ ሰልፍ ሆነ። የልጅቷ እናት ተራቸው ደርሶ ቆመው አዩ። "እኔን ትታ የበሩን ብርሃን ነው የሳለችው" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ "ጠዋት ልክ እንዲህ ነው እኮ የሚገባው።" ልጅቷ ጭራሽ አጠገባችን የለችም፤ ከዓምዱ ጀርባ ተደብቃለች።

አሁን ወደ ሆድ ቁርጠቱ። በ2014ቱ ጦርነት የኮምፒውተር ክፍላችን ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል፤ አልደግመውም። ዛሬ ያሉት ማሽኖች በዕድሜ የገፉ ናቸው። ሌየር ሲበዛባቸው ስለሚቆሙ ልጆቹ ሥራቸውን አሳንሰው፣ ሌየሮቻቸውን እያዋሐዱ ይሠራሉ። ያለችን የስዕል ታብሌት (ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ በብዕር የሚሳልበት ሰሌዳ) አንዲት ናት፤ የቀድሞ ተማሪያችን የሰጠን። ገመዷ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሌላው በማውስ ነው። በማውስ ለመሳል ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ማውስ የእጅ ጫና አያውቅም። ቀስ ብሎ የሚሳሳ ጥላ በእሱ ማውጣት ጉልበት ነው።

እግር ኳስ እወዳለሁ፤ ጨዋታ ቢኖር ቀድሜ የምገኘው እኔ ነኝ። ግን የአንድ ዓመት የማልያ ወጪ ታብሌት ይገዛ ነበር። "ማልያው ለፈተና ምን ይጠቅማል?" ብሎ የጠየቀ ሰው ደግሞ አልሰማሁም። እኛ ግን ሁልጊዜ እንጠየቃለን። መልስ ካስፈለገ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ስዕል የሚባል ትምህርት የለም፤ እስከ ስምንተኛ የተማሩት እዚያ ላይ ይቋረጣል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለከፊሉ ተማሪ በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ እጁ የማይንቀጠቀጥ ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ የእኛን ልጆች ጠይቁ።

ለ2018 የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሁለት የስዕል ታብሌት። ቢያንስ ለሁለት ኮምፒውተር ተጨማሪ ሚሞሪ። ረቡዕን የሚያሻግር ዩፒኤስ፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ ማለት ነው። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ደብዳቤያችንን ተቀብሎናል፤ ምላሹን እየጠበቅን ነው። ከውጭ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ያገለገለ ታብሌት ካላችሁ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ በኩል ይደርሰናል። ገመድ እናጣብቃለን፣ ችግር የለም፤ ለምደነዋል።

ምዝገባ መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነው። ወረቀቱ ኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል። ስዕል የማይችልም ይምጣ። ስልክ ያለው ግን ቻርጅ አድርጎ፤ ሻይ ክፍል ያሉት እትዬ ጀበናቸውን ድጋሚ እንደማያውሱን ከወዲሁ አስታውቀዋል።