ከዓመታት ዝምታ በኋላ

ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? እንደ ደንቡ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ልል ስል እስክሪብቶዬ ቆመ። እንግዲህ ነገሬ ከዚህ ይጀምራል።

እማዬ አረፈች። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ከሌላ ሰው እንድትሰማው ግን አልፈለግሁም። ስምንት ወር ሙሉ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ጠበሉንም ሐኪሙንም አዳርሰናል።

ስድስት ኪሎ እያለን ፎቶ ኮፒ አድርገህ የሰጠኸኝ የፈላስፋው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ትዝ ይልሃል? የጾም ሕግ ከእግዚአብሔር አልመጣም የሚለው ጋ ስደርስ አልጋህ ላይ ወርውሬው «መናፍቅ» አልኩህ። ያውም ሰው ፊት። ከዚያ በኋላ ዝም ያሰኘኝ እልህ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ይቅር በለኝ።

አሁን ተጠራጣሪው እኔ ሆኛለሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም።

የእማዬ ዓይን ስለደከመ ማታ ማታ ዳዊት የማነብላት እኔ ነበርኩ። ዳዊቷን ታውቀዋለህ፤ ማኅደሩ የተላላጠ፣ የገጹ ጠርዝ በጣት ወዝ የጠቆረ። የሰኞው ላይ የጧፍ ጠብታ ደርቆበታል። ቃል ከዘለልኩ በደህናው እጇ ፍራሹን መታ መታ ታደርጋለች። ተመልሼ አነባለሁ። ከእሷ ሌላ የሚሰማ ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር፤ ግን አነባለሁ።

አንድ ሌሊት ያ ዘርዓ ያዕቆብ ትዝ አለኝ። በሱስንዮስ ዘመን ከአክሱም ሲሸሽ የያዘው ሦስት ወቄት ወርቅና ዳዊቱን ነው። ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ 2 ዓመት ተቀመጠ። በዚያው ዳዊት እየጸለየ «ለመሆኑ የሚሰማኝ አለ?» ይላል። ያኔ ይህን ሳላስተውል ነው ወደ ጾሙ የሮጥኩት! (ጽሑፉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የነበረ የጣሊያን መነኩሴ ሥራ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። ይሁና። ማንም ይጻፈው፣ እንዲህ ያለ ሌሊት ያለፈበት ሰው ነው።) እሱ መርምሮ «አለ» ብሎ ደመደመ። እኔ ገና ነኝ።

«ለምን እሷ?» ማለቱን ግን ትቻለሁ። የሰው ደም ሥር ይዘጋል፣ ሰው ያረጃል። ይህን ካልኩ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል። ለቅሶ ላይ «ፈቃዱ ነው» ሲሉኝ አልተከራከርኩም። ሥራቸውን ጥለው፣ ንፍሮ ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው።

ሙት ዓመቷ ጥቅምት ላይ ነው። ያ ፎቶ ኮፒ አንተ ጋ ካለ ይዘህልኝ ና። ከጾሙ ወዲያ ያለውን አላነበብኩትም።