ጉዳዩ፦ የፎቶግራፍ መግቢያ ኮርስን ዓላማና የቀረበውን ቅሬታ ይመለከታል

ለፎቶግራፍ መግቢያ ኮርስ ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
ባላችሁበት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የአጋማሽ ፈተናው በተያዘለት ሳምንት መጠናቀቁን፣ የግቢው የውኃ ታንከርም መጠገኑን እየገለጽኩ ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ጉዳይ አልፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት በርካታ ወላጆች የፈረማችሁበት ማመልከቻ ለቢሮዬ ደርሷል። በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ በመሆኑ አመሰግናለሁ። ፍሬ ነገሩ ግን ልጆቻችን ትምህርት ከጀመሩ ስምንት ሳምንት ቢሞላቸውም ለዘመድ የሚታይ አንድ ፎቶ ይዘው አልመጡም፣ መስኮት ሥር የተቀመጠ ጀበና፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃና ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ሲያነሱ ነው የከረሙት፣ ስለዚህ የ16 ሳምንቱ ኮርስ እዚሁ ላይ ይብቃና ቀሪው ጊዜ ለሰርግ ፎቶና ለኤዲቲንግ ይዋል፣ ይህ ካልሆነ የከፈልነው ገንዘብ በግማሽ ይመለስልን የሚል ነው። ከትምህርት ክፍሉ መምህራን ጋር ተቀምጠን ተወያይተንበታል። ኮርሱ አያጥርም፤ ክፍያውም አይመለስም። እዚህ ላይ ባቆም «ንቆናል» እንደምትሉ ስለምገምት ምክንያቱን ላስረዳ።

የኮርሱ ዓላማ በምዝገባ ዕለት በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ብዙዎቻችሁ እንዳላነበባችሁት ከማመልከቻው ይታወቃል፤ አልወቅስም፣ እኔም የባንክ ውል ሙሉውን አንብቤ ፈርሜ አላውቅም። በወረቀቱ መሠረት አንድ ተማሪ ኮርሱን ሲጨርስ ካሜራውን ከአውቶማቲክ አውጥቶ በራሱ ውሳኔ ማዘዝ፣ ያነሳው ፎቶ ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደወጣ በቃል ማስረዳት፣ ስህተቱን ሌላ ሰው ሳይነግረው ማግኘት፣ ሰውን ከማንሳቱ በፊት ማስፈቀድ፣ በመጨረሻም በአንድ ጉዳይ ላይ ያነሳቸውን 12 ፎቶዎች መርጦ በክፍል ጓደኞቹ ፊት ቀርቦ ስለምርጫው መከራከር ይጠበቅበታል። «ቆንጆ ፎቶ ማንሳት» የሚል ቃል እዚያ ላይ አታገኙም። ረስተነው አይደለም፤ ቆንጆ ፎቶ በአጋጣሚም ሊወጣ ስለሚችል እንጂ።

«ካሜራው ራሱ ሁሉን ያስተካክል የለም ወይ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ክፍል ውስጥ ገመድ ዘርግተው አንድ ነጭ ነጠላና አንድ ጥቁር ካፖርት ሰቀሉ፤ ተማሪዎቹም ካሜራቸውን አውቶማቲክ ላይ አድርገው ሁለቱን በየተራ፣ ከልብሱ ሌላ ምንም እንዳይገባ ተጠግተው እንዲያነሱ አዘዙ። ነጠላው ግራጫ ሆኖ ወጣ። ካፖርቱም ግራጫ ሆኖ ወጣ። ካሜራዎቹ ተበላሽተው አልነበረም። በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ፊቱ የተሰቀለው ነጠላ ይሁን ካፖርት የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያየው ነገር ሁሉ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ ይገምትና በዚያ ልክ ይወስናል፤ በዚህም ነጩን ያጠቁረዋል፣ ጥቁሩን ያነጣዋል። ይህን የተረዳ ተማሪ ለነጠላው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል እርከን ብርሃን ይጨምራል (ልጆቹ «ስቶፕ» የሚሉት ነው፤ አንድ እርከን መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)፣ ለካፖርቱ ይቀንሳል። ያልተረዳ ግን ካሜራውን ይወቅሳል፤ ቀጥሎም የተሻለ ካሜራ እንዲገዛለት እናንተን ይጠይቃል።

እንግዲህ የአገራችንን ሰርግ አስቡት። ሙሽሪት በነጭ ቬሎ፣ ሙሽራው በጥቁር ሱፍ፣ እናቶች በሐበሻ ቀሚስ፣ ፊታችን ደግሞ ጠይም። የሰርግ ፎቶ ይማሩልን ላላችሁ መልሴ፣ ልጆቹ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚማሩት እሱኑ ነው፣ የቀሩት ሙሽሮቹ ብቻ ናቸው የሚል ነው። እኔና ባለቤቴ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመን ከውስጥ ወደ ውጭ የተነሳነው ፎቶ አለ፤ ከኋላችን ያለው ሰማይ ፍክት ብሎ ይታያል፣ እኛ ግን ሁለት ጥላዎች ነን። ያነሳን ሰው የያዘው ካሜራ በጊዜው ውድ ከሚባሉት ነበር። ከፊታችን ላይ ብርሃኑን ለክቶ ቢሆን ኖሮ ባለቤቴ ያንን ገጽ በደረሰች ቁጥር አልበሙን ፈጥና ባልገለበጠች ነበር። ሰርግ ደግሞ እንዲደገም አይጠየቅም።

የጀበናው ነገር በማመልከቻው ላይ ሦስት ጊዜ ተነስቷል። ጀበና የተመረጠው ስለማይንቀሳቀስ፣ ስለማይሰለችና «ቆይ ልዘጋጅ» ስለማይል ነው። ተማሪው የሌንሱን ቀዳዳ ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 8 ሲያጠበው (ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል) የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህን ለማካካስ የሻተሩን (ብርሃን ለቅጽበት አስገብቶ የሚዘጋውን መዝጊያ) ፍጥነት ከ1/125 ወደ 1/60 ሰከንድ ማዘግየት ወይም አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ከ200 ወደ 400 ማሳደግ ይኖርበታል። ቀዳዳው ሲጠብ ከጀበናው ኋላ ያለው ነገር ሁሉ እየጠራ ይመጣል፤ ሻተሩ ሲዘገይ እጅ ከተንቀጠቀጠ ምስሉ ይደበዝዛል፤ አይኤስኦው ሲያድግ ምስሉ አሸዋ የተነዛበት ይመስላል። የትኛውን ይዞ የትኛውን እንደሚተው የሚወስነው ተማሪው ነው። ይህ ውሳኔ በእጅ የሚገባው አንዱን እየለወጡ ሌላውን ባለበት አቆይተው ያንኑ ጀበና ደጋግመው ሲያነሱ ነው፤ አንድ ልጅ ስምንት ሳምንት ጀበና አነሳ ማለት ስምንት ሳምንት ቡና ጠጣ ማለት አይደለም።

«የእኔ ስልክ ከዚህ የተሻለ ያነሳል» የሚል ቃል በስልክም፣ በአካልም ደርሶኛል። እውነት ነው፤ የዛሬ ስልኮች በአንድ ንክኪ ብዙ ምስል በተከታታይ ወስደው በማዋሃድ ለዓይን የሚማርክ ፎቶ ያወጣሉ። ለማስታወሻ ይበቃል። ነገር ግን ስልክ በራሱ ለሚሠራው ሥራ ለልጃችሁ ገንዘብ የሚከፍል ደንበኛ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም።

አንዲት እናት ልጃቸው በሌሊት እየተነሳ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በኮዬ ፈጬ ሜዳ እንዲገኝ መደረጉ ለጤናውም፣ ለደኅንነቱም እንደሚያሰጋቸው ጽፈዋል። ስጋቱን እጋራለሁ፤ ስለዚህም ከመምህር ጋር ካልሆነ ማንም አይወጣም። ሰዓቱን ግን የመረጠችው ፀሐይ ናት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ በመሆኗ ቀትር 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ ወደ አናት ትጠጋና የሰው ዓይን ከቅንድቡ ሥር በጥላ ይዋጣል። ማለዳና ከ11 ሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ይለዝባልም። ይህን በሰሌዳ ላይ ማሳየት አይቻልም።

ከሁሉ ያሳዘነኝ የሚከተለው ነው። ከወር በፊት አንድ ተማሪ መንገድ ዳር በቆሎ የሚጠብሱ እናትን ሳያስፈቅድ አንስቶ ቲክቶክ ላይ ለጠፈ፤ የሴትዮዋ ልጅ በማግስቱ ከግቢያችን በር ላይ ቆሞ «እናቴን መሳቂያ አደረጋችኋት» አለን። ተማሪው ፎቶውን ከቲክቶክ እንዲያጠፋና ራሱ ሄዶ ይቅርታ እንዲጠይቅ አደረግን፤ እርሳቸውም ይቅርታውን ተቀብለው አንድ እሸት አስይዘው መለሱት። የተማሪው ወላጅ ግን «ልጄን በአደባባይ አዋረዳችሁት» ብለው ቅሬታ አቀረቡ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ እንደማይቻል ይደነግጋል። ቀጣዩ ቁጥር ለታወቁ ሰዎችና በአደባባይ ለሚፈጸሙ ክስተቶች የተወሰነ በር ይከፍታል፤ በቆሎ ጠባሽ እናት ግን በዚያ በር አይገቡም። ማስፈቀድ ከኮርሱ ዓላማዎች አንዱ ነው ስንል ለጌጥ የጻፍነው አይደለም።

ስለ ታሪክ ክፍለ ጊዜው «ለምን ይጠቅማል?» ለተባለው በአጭሩ እመልሳለሁ። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ያነሳውን የቦያጂያን ቤተሰብና እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመሠረተችውን ፎቶግራፈር አይዳ ሙሉነህን ሳያውቅ ይህን ሙያ ያዝኩ የሚል ተማሪ እንዲወጣን አንፈልግም። ኤዲቲንግም አይሰጥም አልተባለም፤ ከ11ኛው ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል። የሚዘገየውም ሲነሳ ብርሃን በዝቶበት ድርና ማጉ የጠፋን ነጠላ ማንም ኤዲተር መልሶ ሊፈትለው ስለማይችል ነው።

ክፍያን በተመለከተ፣ ካሜራዎቻችን ለሁለት ተማሪ አንድ ብቻ መሆናቸውን፣ መብራት በጠፋባቸው ቀናትም በስክሪን የሚካሄደው ግምገማ ሳይሠራ መቅረቱን አልክድም። ይህ ትክክለኛ ቅሬታ ነው፤ ከፈረማችሁት መካከል ያነሳው ግን የለም። የታጎሉት ክፍለ ጊዜዎች ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይካካሳሉ።

የልጆቹን ሥራ ለማየት የሚፈልግ ወላጅ በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በኮሌጁ መገኘት ይችላል። በየተማሪው ስም በተዘጋጀው ማኅደር ውስጥ የአንደኛውና የስምንተኛው ሳምንት ጀበና ጎን ለጎን ተያይዘዋል፤ እባካችሁ ልዩነቱን እኔን ሳይሆን ልጃችሁን ጠይቁት። የምትመጡ እናቶች ነጠላ ለብሳችሁ ብትመጡ መምህሩ ደስ ይላቸዋል። ይህ ሁሉ ተብሎም ልጁን ከኮርሱ ማስወጣት የሚፈልግ ወላጅ በሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ቅጹን ሊሞላ ይችላል፤ ከመሙላቱ በፊት ግን በተመዘገበበት ቀን የፈረመበትን ወረቀት ጀርባ እንዲያነብ በትሕትና አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የኮሌጁ ዳይሬክተር

ግልባጭ፦
ለፎቶግራፍ ትምህርት ክፍል
ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት