የባሌስትራ ግዢ፦ ቅዳሜ ጠዋት

ውድ የፒክአፕ ባለቤቶች፣

የኋላ ባሌስትራ (የመኪናውን ጀርባ የሚሸከሙትን ተደራራቢ ብረቶች) በጋራ ለመግዛት ቅዳሜ ጠዋት 3:00 ሰዓት ለገሃር፣ ከቀድሞው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ተገናኝተን ወደ መኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ እንሄዳለን። ብዙ ሆነን ስንገዛ ዋጋ ለመከራከር ይመቻል።

የደከመውን በአዲስ መተካት ወይስ ተጨማሪ ብረት መደረብ የሚለውን ግን እያንዳንዳችሁ አስቀድማችሁ ወስኑ። መደረብ መኪናውን ከፍ ያደርጋል እንጂ ፋብሪካው የፈቀደውን የጭነት መጠን አይጨምርም። በብዙ ሂሉክሶች ላይ ደግሞ በዘንግ ከኋላ አክስል (የኋላ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ብረት) ጋር የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። የመኪናው ጀርባ ከፍ ሲል ቫልቩ ጭነት እንደሌለ ይቆጥርና የኋላውን ፍሬን ያላላል። ቫልቩ ሳይስተካከል ጭኖ የእንጦጦን ቁልቁለት መውረድ አደጋ ነው። ለውበት ብሎ ከፍ የሚያደርግ አባል ካለ አልከራከረውም፤ ቫልቩን ግን ያስተካክል። እኔ መተካት ይበቃል ባይ ነኝ።

የሊብሬ ኮፒ ያዙ፤ የሻንሲ ቁጥሩ ለማመሳከር ይጠቅማል። የብረቶቹን ብዛትና ስፋትም ለክታችሁ ኑ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች አዲስ ይሁኑ፤ አሮጌዎቹን መልሶ ማሰር አይመከርም።

የመኪናችሁን ሞዴል፣ የተመረተበትን ዓመትና ምርጫችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። ያልጻፈ ሰው በግዢው አይካተትም።