ጨለማውን መቁረጥ ለምን እንዳቆምን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ወደ ኮምፒውተር ፋይል እንድንገለብጥላችሁ የድሮ የቪዲዮ ካሴት ሰጥታችሁን «መቼ ነው የሚደርሰው?» እያላችሁ የምትደውሉ ብዙ ናችሁ። ሁሉንም ስልክ ማንሳት አልቻልንም፤ ይቅርታ። ይህ ደብዳቤ ለምን እንደዘገየን ያስረዳል። የሠራነውን አንድ ስህተትም ይናገራል። መሀል ላይ ስለተዘጉ የመጫወቻ ፓርኮች ብዙ እናወራለን። ታገሡን፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

በሜይ 2025 መጀመሪያ ላይ ሜሪላንድ ያለው የመጫወቻ ፓርክ፣ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ፣ ሊዘጋ እንደሆነ ተነገረ። ኖቬምበር 2 ቀን 2025 የመጨረሻ ቀኑ ሆነ። እዚህ ዋሺንግተን አካባቢ ልጅ ያሳደገ ሐበሻ መቼም ያንን ፓርክ ሳያውቅ አይቀርም። ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹ የሚጨቀጭቁን እዚያ ውሰዱን እያሉ ነበር። ወሬው ከተሰማ ጀምሮ ሰው ሁሉ ቁም ሣጥኑን መፈተሽ ያዘ መሰለኝ። ካሴቱ በጫማ ካርቶን፣ በሻንጣ፣ አንዴም በእንጀራ መሶብ መጣልን። መሶቡን መልሰናል።

እኛ ደግሞ ሦስት ሰዎች ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴና የእህቴ ልጅ። ደህና የሚሠሩ ዴኮች፣ ማለትም የካሴት ማጫወቻዎች፣ ያሉንም ሦስት ናቸው። ካሴት እንደ ፎቶ ወዲያው አይገለበጥም። የሁለት ሰዓት ካሴት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ክሩ በዴኩ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መሄድ አለበት። ዴክ ሲበላሽ አዲስ አይገዛም። የመጨረሻው አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ በጁላይ 2016 ማምረቱን አቁሟል። ስለዚህ አንዱን ዴክ ለመጠገን ሌላውን እንፈታለን። የዘገየንበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት የካሴቶቹ ላይ ጽሑፍ ነው። አንድ ካሴት ላይ «ሐምሌ 87» የሚል ተጽፎ አገኘን። የእህቴ ልጅ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ጁላይ 1987 ብሎ ፋይል ውስጥ አስገባው። እኔ ቪዲዮውን ሳየው የፓርኩ በር ላይ «አድቬንቸር ወርልድ» ይላል። ይህ እንዴት ይሆናል? ያ ፓርክ በ1974 ሲከፈት በመኪና እየዞሩ አውሬ የሚያዩበት ቦታ ነበር። በ1982 ዋይልድ ወርልድ ተባለ። አድቬንቸር ወርልድ የተባለው በ1994 ነው። ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የሆነው ደግሞ በ1999። በፈረንጆቹ 1987 በሩ ላይ ያ ስም ሊኖር አይችልም። ለካ ጻፊው በእኛ አቆጣጠር ጽፎት ኖሯል። ሐምሌ 1987 ማለት የፈረንጆቹ 1995 ክረምት ነው። አሁን ቀን ያልተጻፈበት ካሴት ሲመጣ መጀመሪያ በሩን ነው የምንፈልገው። እዚህ ደብዳቤ ላይ ያሉት ሌሎቹ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

አሁን ወደ ስህተታችን።

እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ካሴታችሁን ስንገለብጥ «የማይጠቅመውን» እየቆረጥን ነበር የምንሰጣችሁ። ካሜራው ሳይጠፋ ቦርሳ ውስጥ የገባበትን፣ መሬት መሬት የሚያሳየውን፣ ጭልም ያለውን። ለእናንተ ደግ የሠራን መስሎን ነው። ታዲያ ከሁሉ የሚጨልመው የትኛው ይመስላችኋል? ቤት ውስጥ የሚሄዱት የመጫወቻ ጉዞዎች። ጀልባ ወይም ጋሪ ላይ ተቀምጦ ጨለማ ውስጥ የሚኬድባቸው። የ1980ዎቹና የ90ዎቹ ካሜራ ጨለማ ላይ አቅም የለውም። የሚታየው ነጠብጣብና አልፎ አልፎ ቀይ ብርሃን ነው። ስለዚህ እንቆርጠው ነበር።

አንዲት ደንበኛችን የ1993 ካሴት ሰጠችን። ቤተሰቡ ከሜሪላንድ እስከ ፍሎሪዳ በመኪና ሄዶ ዲዝኒ ዎርልድን ያየበት ነው። ገለበጥን፣ ፍላሽ ላይ አድርገን ሰጠናት። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «የአባቴ ድምፅ የታለ?» አለች።

የቆረጥነው ዘጠኝ ደቂቃ ነበር። ከዲዝኒ ዎርልድ ፓርኮች አንዱ በሆነው ማጂክ ኪንግደም ውስጥ የነበረው የሰርጓጅ መርከብ ጉዞ ነው። ምስሉ አረንጓዴ ድፍርስ ብቻ ነው። አንዲት ክብ መስኮት፣ አረፋ፣ ከዚያ ጭለማ። ድምፁን ግን ሳናዳምጥ ነው የቆረጥነው። አባትየው ቪዲዮውን የሚያነሱት አዲስ አበባ ላሉት እናታቸው ኖሯል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለእሳቸው ነው የሚያወሩት። «እማዬ፣ ይኸውልሽ አሁን ወደ ታች እየወረድን ነው። አትፍሪ። መስኮቱ ወፍራም ነው አሉ። ይኸው ዓሣ! አየሽው? ኧረ አይታይም መሰለኝ፣ ይቅር እኔ እነግርሻለሁ።» እያሉ ዘጠኙን ደቂቃ ሙሉ ይተርካሉ።

የሚገርመው መርከቡ አልወረደም። በጭራሽ ወርዶ አያውቅም። ውኃው ሥር በተዘረጋ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ጀልባ ነው። ተሳፋሪው ከውኃው ወለል በታች ባለው ክፍል ይቀመጣል። መስኮቱ ፊት አረፋ ሲለቀቅ የሰመጠ ይመስላል። ዓሣዎቹም የተሠሩ ናቸው። በ1971 ፓርኩ በተከፈተበት ወር ሥራ ጀምሮ በሴፕቴምበር 1994 ቆመ። ያኔ ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር። አልተመለሰም። ኩሬው ለዓመታት ሥራ ፈትቶ ቆይቶ በ2004 ውኃው ተለቀቀ። ከመርከቦቹ ደግሞ በኋላ ባሃማስ ያለው የዲዝኒ ደሴት ተወስዶ፣ ለጠላቂ ዋናተኞች ማያ እንዲሆን ባሕር ውስጥ የተቀመጠ አለ። ሃያ ምናምን ዓመት ሰርጓጅ እየተባለ ሳይሰርግ ቆይቶ በጡረታው ሰመጠ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለደንበኛችን ነገርናት። ሳቀች። «አባቴ ግን ወርጃለሁ ብሎ ነው የሞተው» አለች። ደግነቱ ያልተቆረጠው ዋና ቅጂ ሃርድ ዲስካችን ላይ ነበር። ዘጠኙን ደቂቃ መለስንላት። ያን ቀን ማታ ሌሎቹን ዋና ቅጂዎች ከፍተን የጣልነውን ማዳመጥ ጀመርን። ሥራችን ይበልጥ የተጓተተው ከዚያ በኋላ ነው።

ምን አገኘን መሰላችሁ። አንዲት እናት እዚያው ማጂክ ኪንግደም ውስጥ በነበረው፣ በተረት እንቁራሪቱ በሚስተር ቶድ በተሰየመው ጉዞ ጋሪ ውስጥ ናቸው። ያ ጉዞ መጨረሻው አስቂኝ ነው፤ ጋሪው ከባቡር ጋር ይጋጭና ተሳፋሪው ሲኦል ይገባል። ልጆች የሚሳፈሩበት ነገር እኮ ነው! ቀይ ብርሃን ቦግ ሲልና ሰይጣኖቹ ብቅ ሲሉ «በስመ አብ ወወልድ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ «ማነው እዚህ ያስገባን?» ይላሉ። በሴፕቴምበር 1998 ሲዘጋ ሰዎች ሰልፍ ወጥተውለት ነበር። አልቀረለትም፤ ቦታውን የተረት ድቡ ዊኒ ዘ ፑ ወሰደው። አዲሱ ጉዞ ውስጥ ግን ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል አለ። ቶድ የቤቱን ሰነድ ለፑ ጓደኛ ለጉጉቱ ሲያስረክብ ያሳያል። ቤት ሸጦ እንደሄደ ሰው። ካሊፎርኒያ ያለው ዲዝኒላንድ ውስጥ ያው ጉዞ ዛሬም ይሠራል፣ በስመ አብ ማለት ለናፈቀው።

ኤፕኮት በሚባለው ሌላው የዲዝኒ ዎርልድ ፓርክ ውስጥ የነበረውን ሆራይዘንስን ያነሳ ካሴት አለን። ስለወደፊቱ ኑሮ የሚያሳይ ጉዞ ነበር። መጨረሻ ላይ ተሳፋሪው በምን እንደሚመለስ በቁልፍ ይመርጣል፦ በጠፈር፣ በበረሃ ወይም በባሕር ሥር። የካሴቱ ባለቤት አጠገቤ ቆመው ሲያዩት ድንገት «እዚህ ጋ ብርቱካን ይሸት ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። በረሃ ላይ የለማው እርሻ ጋ ሲደረስ የብርቱካን ሽታ ይለቀቅ ነበር። ጀነራል ኤሌክትሪክ ስፖንሰርነቱን ሲተው ዕድሜው አጠረ። በጃንዋሪ 1999 ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋና ሕንፃው ራሱ ፈረሰ። ሽታ ካሴት ላይ አይቀዳም። ሰውዬው ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አፍንጫቸው ውስጥ ይዘውት ኖረዋል።

እዚያው ኤፕኮት የነበረው የኖርዌዩ የጀልባ ጉዞ፣ ሜልስትሮም፣ በኦክቶበር 2014 ተዘግቶ «ፍሮዝን» ፊልም ላይ ላሉት ለኤልሳና ለአና ተሰጠ። ጀልባዎቹና ቦዩ ግን ያው ናቸው። ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ቦታም አለ። ልጆቻችሁ ዛሬ የሚሳፈሩት እናንተ በ1990ዎቹ የተሳፈራችሁበትን ነው። ፍሎሪዳ ባለው የዩኒቨርሳል ፓርክ የነበረው የሻርኩ ጀልባ ጉዞ በጃንዋሪ 2012 አበቃ። እዚያ ካሴት ላይ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው፤ ደጋግመን ብናዳምጠውም ማን ማን እንደጮኸ አልለየንም።

ሁሉም መዘጋት ያሳዝናል ብለን ግን አናምንም። ስፕላሽ ማውንቴን፣ ከከፍታ ወደ ውኃ የሚወረድበት የዲዝኒ ጉዞ፣ ፍሎሪዳ ላይ በጃንዋሪ 2023 ሲቆም ብዙ ደንበኞቻችን አዝነዋል። ጥሩ የቤተሰብ ፎቶ ነበረው። ሲወርዱ ሁሉም አፉን ከፍቶ፣ አባትየው ብቻ ቦርሳ አቅፎ። ይሁን እንጂ ታሪኩ የተወሰደው ጥቁሮችን አሳንሶ በማሳየቱ ከተነቀፈ የ1946 ፊልም ነው። ቦታውን ቲያና፣ ጥቁሯ ልዕልት፣ ወስዳለች። እኛ ቤት ያለችው ትንሿ ልጅ ቲያናን ነው የምታውቀው። ተገቢ ለውጥ ነው እንላለን። የማትስማሙ ካላችሁ ሱቅ ስትመጡ ቡና እየጠጣን እንከራከራለን።

ወደ ሰፈራችን ፓርክ ልመለስ። ዋይልድ ዋን የሚባለው የእንጨት ሮለር ኮስተር ካሴቶቻችሁ ላይ በብዛት አለ። ብዙዎቻችሁ እዚያው የተሠራ ይመስላችኋል። አይደለም። በ1917 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ሃል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ፓራጎን ፓርክ ላይ ነው የተሠራው። ያ ፓርክ ሲዘጋ ተሽጦ መጣና በ1986 ሜሪላንድ ላይ እንደገና ቆመ። እሱም እንደኛ ስደተኛ ነው። አንድ ደንበኛችን ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ግሪን ካርዱን መቼ አገኘ?» ብለውናል። ከዚያ ወዲያ የእህቴ ልጅ ፋይሎቹን ሲሰይም «ስደተኛው» እያለ ነው የሚጽፋቸው።

ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ግሌን ኤኮ የሚባል የድሮ መጫወቻ ፓርክ አለ። በ1968 ነው የተዘጋው። ከመዘጋቱ በፊት ጥቁሮችን አያስገባም ነበር። በ1960 ክረምት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካሩሰሉ ላይ፣ ማለትም ልጆች የሚሳፈሩበት የሚሽከረከረው መጫወቻ ላይ፣ ተቀምጠው አንነሳም አሉና ታሰሩ። በዓመቱ በሩ ለሁሉም ተከፈተ። ያ ካሩሰል በ1921 የተገዛ ነው፤ ዛሬም በሙዚቃው ይዞራል። ልጆቻችሁን ስታሳፍሩ የተማሪዎቹን ነገር ብትነግሯቸው ደስ ይለናል።

አሁን ሥራው ላይ ምን እንደተለወጠ ልንገራችሁ። ከእንግዲህ ምንም አንቆርጥም። ይቆረጥልኝ የሚል ካለ በጽሑፍ ይንገረን፤ ያኔም ቢሆን ድምፁን ሰምተን ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ያሠራችሁ ደንበኞች ዋና ቅጂያችሁ አለን። የጎደለውን በነፃ እንሰጣችኋለን። ፍላሽ ይዛችሁ ብቻ ኑ። በተራ እየደወልን ነው፤ የማናውቀው ቁጥር ነው ብላችሁ አትዝጉብን። አዲስ ሥራ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ዋጋ አልጨመርንም።

አገር ቤት ልካችሁ የነበረውን ካሴት ያስመለሳችሁ ደግሞ ስትሰጡን ንገሩን። አሜሪካ የሚሠራበት የቪዲዮ ሥርዓት ኤንቲኤስሲ የሚባለው ነው፣ እኛ አገር ፓል የሚባለው። ያኔ ለቤተሰብ የሚላከው ካሴት ወደ ፓል እየተለወጠ ነበር። ያ ካሴት የሚሠራው በሌላ ዴክ ነው። ካልነገራችሁን ምስሉ ሲንቀጠቀጥ አይተን ክሩ ተበላሽቷል ብለን እንደክማለን። ሻጋታ ያለበትን ካሴት ቤት ባለ ዴክ አትሞክሩት፤ ካሴቱንም ዴኩንም ታጣላችሁ። ገልብጠን ከሰጠናችሁ በኋላም ካሴቱን አትጣሉ። የእኛም ሃርድ ዲስክ ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም።

የመጨረሻ ጉዳይ። ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ ካሴት መሳቢያችን ውስጥ አለ። ከላዩ ያለው ወረቀት ተልጦ «የሕፃኗ...» የሚለው ብቻ ቀርቷል። በሩ ላይ ዋይልድ ወርልድ ይላል፣ ስለዚህ ከ1994 በፊት ነው። አንዲት ሦስት ዓመት የማትሞላ ልጅ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ የሞገድ ገንዳው ዳር ቆማለች። ውኃው በመጣ ቁጥር ትሮጣለች፣ በሄደ ቁጥር ትከተለዋለች። የሚያነሳው ሰው አይታይም። አንዴ ብቻ «ነይ ማሚቱ፣ አይነካሽም» ይላል። ልጅቷ አሁን ከሠላሳ በላይ ሆናለች። የምታውቋት ከሆነ፣ ወይም እናንተው ከሆናችሁ፣ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነን። በሐበሻ ሰዓት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ሦስቱም ሰዎች