ይድረስ ለእትዬ፣ ደሴ

ኮምቦልቻ፣ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅቷም ደህና ናት፣ አባቷም ደህና ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለጋት ትያለሽ። ስልክ ላይ አፌ ይቀድመኛል፤ ያለፈውን አይተሻል። ይህን ለወንድሜ ሰጥተሽ እንዳታስነብቢው። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሽው የሰው አፍ እንዳትጠብቂ አይደል?

ልጅቷ መገልበጥ ጀምራለች። ተገልብጣ መመለሱ ይጠፋትና ትጮኻለች። እጇን እስከ አንጓው አፏ ውስጥ ትከታለች። አዛን ስትሰማ ዝም ትላለች። ከኋላ ፀጉሯ ሳስቷል፤ ስታያት እንዳትደነግጪ፣ በጀርባዋ ስለምትተኛ ነው። አፍንጫዋ ያው ያንቺው ነው፣ አልተለወጠም።

የላክሽው አብሽና አጃ ደርሶኛል። አጥሚቱን ማታ ማታ እጠጣለሁ። ቅቤውን እኔ በላሁት። ለእሷ አላስዋጥኩም፣ አላስውጥምም። ስድስት ወር እስኪሞላት ከጡት በቀር ውኃም አትቀምስም። ይህን ሦስት ጊዜ ተነጋግረናል። አራተኛ አልፈልግም።

ሥራ ከገባሁ ወር አልፎኛል። በአዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ሲሰጡሽ ብዙ ይመስላል። ስትቆጥሪው ግን የለም።

ቢሮ ጡቴን የት እንደማልብ ነግሬሽ አላውቅም። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ነው። የድሮ ፋይል ካርቶን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። በሩ ቁልፍ የለውም። ወንበሩን በሩ ላይ አስደግፌ እቀመጥበታለሁ። ሰው ሲገፋ ጀርባዬን ይነካኝና «ሰው አለ!» እላለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አራት ሰዓትና ስምንት ሰዓት ላይ። ስብሰባ ተራዝሞ ካለፈኝ ጡቴ ያጋታል፣ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ ሸሚዜ ይረጥባል። ሻርፕ ባልለብስ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሃያ ደቂቃ ታግዬ የጡጦውን ሥር እንኳ አልሸፈነም። ካርቶኖቹ መሀል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወተቴ ሄደ ብዬ። ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ናት ያረጋጋችኝ። «ማለቢያው የሚያወጣውና ልጅቷ የምትስበው አንድ አይደለም፤ ጡት በታለበ ቁጥር ነው የሚሠራው፣ ከተውሽው ግን ይቀንሳል» አለችኝ። አሁን የልጅቷን ቪዲዮ ከፍቼ አልባለሁ። ስትስቅ ሳያት ይወርዳል። ስታለቅስ ደግሞ ይብስበታል።

የታለበውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ የቢሮው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ሳምንት ሙሉ እያየ ኖሮ፣ አንድ ቀን ጠጋ ብሎ «ጫቱ የት አገር ነው?» አይለኝ መሰለሽ! ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ስነግረው ፊቱ በርበሬ መሰለ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ካየኝ ይዞራል።

ማታ ሃይላንድ ውኃ አስረግቼ አድራለሁ። ወደ ቤት ስመለስ በረዶውን ከጡጦው ጋር በፎጣ ጠቅልዬ በባጃጅ እበራለሁ። የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ የደሴ ብርድ እዚህ የለም። ውጭ የሚቆየው ቢበዛ አራት ሰዓት ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ አራት ቀን። መብራት ሲጠፋ የማቀዝቀዣውን በር ማንም እንዳይከፍት ብዬ ቤቱን ሁሉ አስጨንቃለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ሞግዚቷ አንድ ጡጦ ሙሉ ደፋችብኝ። ምንም አላልኳት። ገብቼ በር ዘጋሁ።

እና እዚያ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ የማለቢያውን ድምፅ እየሰማሁ፣ የማስበው አንቺን ነው። እትዬ፣ አንቺ የት ነበር የምታልቢው?

ፋብሪካ ስትሠሪ የፈትል ክፍሉ ሴቶች የት ይሄዱ ነበር? መጸዳጃ ቤት? ፈረቃው መሀል ያስወጡሽ ነበር? ማለቢያ የለ፣ ማቀዝቀዣ የለ። እኔ ያለሁት አያቴ ጋ፤ ሐይቅ ድረስ ማን ያመጣልኛል? ደፋሽው ማለት ነው። ይህን ያህል ዓመት አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። የማውቀው የእኔን ብቻ ነበር።

የእኔን ደግሞ ታውቂዋለሽ። እሑድ ዳቦና ሸንኮራ ይዘሽ ትመጫለሽ። ታጥቢኛለሽ፣ ትሠሪኛለሽ። ከዚያ እስክተኛ ትጠብቂና ትሄጃለሽ። ስነቃ የለሽም። አያቴ «አሁን ትመጣለች» ትለኛለች፤ እኔም በሩ ላይ ቁጭ እላለሁ። በኋላ በኋላ እሑድ አልተኛም ብዬ ዓይኔን በጣቴ እይዝ ነበር። ንገሪኝና ሂጂ፣ አልቅሼ ይወጣልኝ። ለምን አልነገርሽኝም? እማ ያልኩት አያቴን ነው። ላንቺ እትዬ ተረፈሽ።

በአያቴ ሰደቃ ቀን ትልቋ አክስቴ ያወራችልኝን አልነገርኩሽም። እሑድ ስትመጪ ደረትሽ በነጠላ ጥብቅ ብሎ ታስሮ ነው የምትመጪው አለችኝ። ልትሰጪኝ ስትሞክሪ ፊቴን አዙሬ ወደ አያቴ እሄድ ነበር አሉ። ከዚያ ጓሮ ትሄጂና ቁልቋሉ ሥር አልበሽ ትመለሻለሽ። ለማንም ምንም አትይም። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ «እሺ» ብዬ ሰሐን ማጠብ ቀጠልኩ። ያኔ ለካ አልገባኝም ነበር።

ወሩ ሲገባ ልጅቷን ደሴ አምጪልኝ፣ እኔ ልያዛት ስትዪኝ ያልኩሽን ብያለሁ። «እኔ እንዳንቺ ልጅ አልጥልም» አልኩ። አንቺ ዝም አልሽ። ከዚያ «ካርድሽ እንዳያልቅ» ብለሽ ዘጋሽው። ያንን ዝምታሽን ስንት ጊዜ ሰማሁት መሰለሽ። ዛሬ ሦስት ሳምንቱ። አልደወልሽም፣ እኔም አልደወልኩም።

ሰኞ ጠዋት ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በእግር ጣቴ፣ በጓሮ በር ወጣሁ። ልጅቷ ተኝታ ነበር። ብትነቃ ትይዘኛለች ብዬ። ባጃጁ ላይ ነው ትዝ ያልሽኝ።

ሌላ ነገር። ወንድሜ የእግርሽን ቁስል ነግሮኛል። አትቆጪው፣ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኩት። ስኳር ላለበት ሰው የእግር ቁስል ቀላል ነገር አይደለም፣ ክትትል ስትሄጂ በየጊዜው ይነግሩሻል። ሎሚና ጨው አታድርጊበት። ባዶ እግርሽን ግቢ አትውጪ፣ ሸራ ጫማውንም ተዪው። ረመዳን ደግሞ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። ሐኪሙ አትጹሚ ብሎሻል፣ ሸኹም ለታመመ ተፈቅዷል ብለውሻል፣ በጾሙ ፈንታ ድሃ አብልተሽ ፊድያ ትሰጫለሽ። አምና ተደብቀሽ ጾመሽ የሆንሽውን አንርሳ። እኔም ዘንድሮ ወተቱ ከቀነሰብኝ እፈታና በኋላ ቀዷ አወጣለሁ። አንቺ ከጾምሽ እኔም እጾማለሁ፤ እንግዲህ ወተቱ ሲደርቅ ጥፋቱ ያንቺ ነው።

ቅዳሜ ከሥራ መልስ እንመጣለን። ሰኞን ፈቃድ ወስጃለሁ። ጠዋት እግርሽን ይዘን ሐኪም ጋ እንሄዳለን፣ እንቢ አትበይኝ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ልጅቷን ከወንድሜ ሚስት ጋር ትተናት እንሄዳለን።

ማክሰኞ ሥራ እገባለሁ። አራት ቀን አንቺ ጋ ትቆይ ይሆን እያልኩ ነው። ገና አልወሰንኩም። ብቻ ከማቀዝቀዣሽ አንድ መደርደሪያ ልቀቂልኝ፣ ኢንሱሊንሽ ያለበትን። በሩ ላይ አይሁን፣ ወደ ውስጥ ገባ ይበል። ስታሞቂው እሳት ላይ አትጣጂው፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ጡጦውን አቁሚው። ቅባቱ ላዩ ላይ ቢንሳፈፍ ተበላሸ ብለሽ እንዳትደፊው። ቀስ ብለሽ አዙሪው፣ ይመለሳል።

ማክሰኞ ስወጣ ግን ቀስቅሻት። እያየችኝ ልሂድ። ብታለቅስም ታልቅስ፣ አንቺ አለሽ።

ልጅሽ