ከደኑ ጫፍ አንድ ማደሪያ፦ ለወጨጫ ጠባቂዎች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ባለፈው የካቲት አንድ ሌሊት፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ቤቴ ሆኜ የድኩላ ጩኸት ሰማሁ። ድኩላ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ነው የሚጮኸው፤ ለማያውቀው የጎረቤት ውሻ ይመስለዋል። አንዴ ጮኾ ዝም ቢል ነብር ሸትቶት ነው ብዬ ተመልሼ እተኛ ነበር። ይሄኛው ግን ከአንድ ቦታ ሳይንቀሳቀስ ደጋግሞ ጮኸ። የታሰረ እንስሳ እንዲህ ነው። ባትሪዬን ይዤ ሁለት የሰፈር ልጆች ቀስቅሼ ወጣን። ስንደርስ ሊነጋጋ ነበር። ሴት ድኩላ ናት፤ ከአሮጌ ጎማ የተመዘዘ ሽቦ ወገቧ ላይ ጠብቆ፣ በዙሪያዋ ያለው መሬት በኮቴዋ ታርሷል። ሞታለች፤ ሰውነቷ ግን ገና አልቀዘቀዘም።

ከቤቴ እስከዚያ ቦታ የአንድ ሰዓት ተኩል ዳገት ነው። የደኑ መደበኛ ጥበቃዎች የሚያድሩት ደግሞ በተራራው በሌላኛው ወገን ነው፤ ከእነሱ ዘንድ ለመምጣት ከዚያም ይረዝማል። እዚያው ጫፍ ላይ ሰው ቢያድር ኖሮ ጩኸቱ እንደተሰማ ይደርስላት ነበር። ዛሬ እጄን የምዘረጋላችሁ ለዚያ ማደሪያ ነው።

ማን እንደሆንኩ ለማታውቁኝ፣ ጡረታ የወጣሁ ስካውት፣ የዱር እንስሳት ጠባቂ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከሻሸመኔ በስተምዕራብ ባለው ቆርኬ የተባለው የዱር እንስሳ በሚጠበቅበት በሰንቀሌ መጠለያ ነው። የሰንቀሌው ዓይነት ቆርኬ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጪ በየትም አገር የለም። ከእኔ በፊት የነበሩት ስካውቶች የሚነግሩን ታሪክ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጥበቃው ላልቶ፣ በሺዎች የሚቆጠረው መንጋ በአጭር ጊዜ ወደ ጥቂት መቶ ወረደ። ያን ሁሉ ዓመት የለፉበት መንጋ ጠባቂ በጠፋባቸው ወራት አለቀ። አንዱ አንጋፋ ይህን ሲያወሩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ እንባቸውን እንዳናይ ይመስለኛል።

ብዙ ሰው ስካውት ሲባል ጠመንጃ ያነገተ፣ አዳኝ የሚያሳድድ ሰው ይታየዋል። ማሳደዱ ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ሥራው መሄድና ማየት ነው። ድኩላ መንገድ አላት፤ በቁጥቋጦው ውስጥ ለውስጥ ዕለት ዕለት የምትሄድበት ጠባብ መሿለኪያ። ወጥመድ የሚጥለው ሰው ያን መንገድ ያውቃል፤ እኛም ከእሱ እኩል ማወቅ አለብን። ሣሩ በአንድ በኩል ብቻ ከተጋደመ፣ ቅርንጫፍ መንገዱን ለማጥበብ ሆን ተብሎ ከተሰካ፣ የዛፍ ግንድ ላይ ልጡ በቀለበት ቅርጽ ከተላጠ፣ እዚያ ሽቦ አለ ማለት ነው። ሽቦው ሲያረጅ ይዝግና ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል። ቀን በዓይን ያመለጠኝን ሽቦ ማታ በእጄ እየዳሰስኩ ያገኘሁባቸው ጊዜያት አሉ።

ሌላው ጆሮ ነው። ሌሊት የመጥረቢያ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ባለሙያ ቆራጭ ግን ነፋስ እስኪነሳ ይጠብቃል። ከመጥረቢያው በኋላ የአህያ ኮቴ ይመጣል። የጥድ ቋሚ አይበሰብስም ተብሎ ለአጥር ይፈለጋልና። ሰፈራችን ከሸገር ከተማ ጋር እየሰፋ፣ ቤትና አጥር በየቀኑ እየተተከለ ባለበት ጊዜ ይህ ፍላጎት የሚቀንስ አይደለም።

ሕጉ ጠንካራ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 በሕገ ወጥ መንገድ ያደነ ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱም እንዲደርስበት ደንግጓል። ሕጉ ግን ተራራ ላይ የሚወጣው በጠባቂው እግር ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ አዳኝ ከነሥጋው እጅ ከፍንጅ ያዝኩ። ከደስታዬ ብዛት ሽቦውን ከዛፉ ፈትቼ፣ ሥጋውን ጆንያ ውስጥ ከትቼ፣ ሰውየውን ከፊቴ እየነዳሁ ጣቢያ አደረስኩ። ፍርድ ቤት ስንቀርብ ጥያቄው “ሽቦው የት ነበር? ከአንተ ሌላ ማን አየ?” ሆነ። ማንም አላየም። ሰውየው በነጻ ተለቀቀ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወጥመድ ሳገኝ መጀመሪያ ሁለት እጄን ወደ ኋላ አደርጋለሁ። ምስክር ይጠራል፣ ቦታው ይጻፋል፣ ፎቶ ይነሳል፤ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። የተያዘ ሰው ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ መብቱ ነው። በሐምሌ ጭጋግ፣ ጎርፍ በወሰደው መንገድ፣ በበሰበሰ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቃል ይዞ ከዚያ ተራራ መውረድ ምን እንደሚመስል ያየው ያውቀዋል።

ለዚህ ነው ማደሪያው ከመኝታ በላይ የሚያስፈልገን። ዝናብ የማይገባበት ጠረጴዛና ኤግዚቢት፣ ማለትም ለፍርድ ቤት የሚቀርበው ማስረጃ፣ የሚቀመጥበት ቁልፍ ያለው ሣጥን እንፈልጋለን።

ደኑን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ለምታዩት አንድ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ይህ የወጨጫ ደን፣ መናገሻ ሱባ የሚባለው፣ ከአፍሪካ አንጋፋ ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እዚህ እንዳስተከሉ ይነገራል። ተራራው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከፍታው ከ3,300 ሜትር በላይ ይሄዳል። ከታች ጥድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ጫፉ ላይ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ። የምኒልክ ድኩላ የምንላት ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር መኖሪያ የላትም፤ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ሴቷ ቀላ ያለች። ጉሬዛው ገና ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ እያደር ይመጣል። ንጋት ላይ ከጥዱ ጫፍ ሆነው ሲያጉረመርሙ መስማት ለእኔ ከቡና በፊት የሚቀድም ነገር ነው።

“ለሰው ያልበቃ ገንዘብ ለእንስሳ?” ያሉኝ አሉ። ጥያቄው አያስቆጣኝም፤ ኑሮው ምን ያህል እንደከበደ እኔም በጡረታዬ አውቀዋለሁ። ግን ከወጨጫ የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ ከመድረሱ በፊት በእኛ ጓሮ ያልፋል፤ ከብቶቻችን ከእሱ ይጠጣሉ፣ ሽንኩርትና ጎመናችን በእሱ ይበቅላል። ደኑ ሲራቆት በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ደረቅ ቦይ ይሆናል። አንድ እናት እንዳሉኝ፣ እሳቸው በልጅነታቸው እንስራ የሞሉበት ምንጭ ዛሬ ጥር ሳይወጣ ይደርቃል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሽቦ የሚጥለው ሰው ከሰማይ አይወርድም። የጎረቤታችን ልጅ ነው። ሥራ ያጣ፣ አንዳንዴም ሌላ ሰው በትንሽ ብር የላከው። ዓመት እስር ቤት ሲገባ እናቱ በእኛው እድር ታለቅሳለች። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው አስይዣለሁ፤ አንዱንም በደስታ አላስታውስም። ሌሊት ደኑ ጫፍ ላይ ፋኖስ ሲበራ ከታየ፣ ሰው እንዳለ ከታወቀ፣ ያ ልጅ ሽቦውን ይዞ አይወጣም። ድኩላዋም እሱም ይተርፋሉ። ይህ ሐሳብ ከእኔ ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ድኩላዋ በሞተች ሳምንት በእድሩ ስብሰባ ላይ ቀድመው የተናገሩት ልጃቸው ታስሮባቸው የነበሩ አባት ናቸው።

እንግዲህ የተስማማነው ይህ ነው። ማደሪያው ከደኑ ወሰን ውጪ፣ አንድ ቤተሰብ ከባሕር ዛፍ ይዞታው ላይ በፈቀደልን ቦታ ይሠራል። የቀበሌው ፈቃድ በእጃችን ነው። ሁለት ክፍል ይኖረዋል፤ አንዱ መኝታ፣ አንዱ ጽሕፈትና ዕቃ ማስቀመጫ። በየሌሊቱ ከደኑ ጥበቃዎች ሁለት፣ ከሰፈሩ ሁለት በጎ ፈቃደኞች በተራ ያድራሉ። የሰፈሩ ሰዎች ሥራ ማየት፣ መስማት፣ መጥራትና ምስክር መሆን ነው። የመያዝና የመፈተሽ ሥልጣን ሕግ የሰጣቸው አሉ፤ ማንም በጎ ፈቃደኛ በትር አንሥቶ ሰው እንዳይመታ ከወዲሁ ተማምለናል። ይህን የሚጥስ ከተራው ይወጣል። በበጋ ደግሞ፣ በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት፣ አስታው እንደ ክብሪት ስለሚያያዝ ማር ቆራጭ ጥሎት የሄደውን እሳት ቶሎ ለማየትም ይጠቅመናል።

ምን እንፈልጋለን? የቆርቆሮና የሲሚንቶ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በብር ሳይሆን በዓይነት ብነግራችሁ ይሻላል። 40 ቆርቆሮ፤ እስካሁን 13 ቃል ተገብቶልናል። ለመሠረትና ለወለል 15 ኩንታል ሲሚንቶ። ሚስማር፣ አንድ በርና ሁለት መስኮት። ቋሚውንና አጣናውን ባሕር ዛፍ ያላቸው የሰፈራችን ገበሬዎች ችለውታል፤ ከደኑ አንዲት ጭራሮ አትቆረጥም። ድንጋይና ጭድም አለን። የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅም መካከለኛ ሮቶ ቢገኝ ከወንዝ ጄሪካን መሸከም ይቀርልናል። ለአራት ሰው የሚበቃ ወፍራም ብርድ ልብስና ፍራሽ፣ ስልክና መብራት የሚሞላ ትንሽ ሶላር፣ የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን።

ጫማውን ለብቻ ማንሣት እፈልጋለሁ። በዚያ ዳገት ላይ እርጥብ ቅጠል እንደ ሳሙና ነው። በጎ ፈቃደኞቻችን ተማሪዎችና ቀን ሠራተኞች ናቸው፤ አንዱ በክፍት ጫማ እየወጣ እግሩን ሽቦ ቀዶት ለሁለት ሳምንት ሥራ ፈቶ ተቀመጠ፤ የቀን ሠራተኛ ሁለት ሳምንት ሲተኛ ቤቱ ምን እንደሚበላ ለእናንተ አልነግርም። 12 ጥንድ ቡትስና 12 የዝናብ ልብስ ያስፈልገናል፤ ከ40 እስከ 43 ቁጥር። ያገለገለም ይሁን፣ ሶሉ ያልበላ ከሆነ በደስታ እንቀበላለን። ቤታችሁ ውስጥ ከአልጋ ሥር የተቀመጠ ካለ እባካችሁ አውጡት።

አንድ ሰው አንድ ቆርቆሮ ቢል፣ ወይም ሦስት ጓደኛሞች ተዋጥተው አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ቢሉ በቂ ነው። በውጭ የምትኖሩ የሰፈር ልጆች ዕቃ ልላክ ብላችሁ በጭነት አትቸገሩ፤ የዕለቱን የገበያ ዋጋ ብትልኩ እዚሁ እንገዛለን፣ ደረሰኙንም ፎቶ አንሥተን እንልክላችኋለን። ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም፤ ፈራሚዎቹ የእድሩ ዳኛ፣ ገንዘብ ያዡና ጉባኤው የመረጣት አንዲት አስተማሪ ናቸው። እኔ ፈራሚ አይደለሁም፤ ሐሳቡን ያመጣ ሰው ገንዘቡን ባይነካ ለሁላችንም ይሻላል ብዬ ራሴ ነኝ የጠየቅሁት። የገባውና የወጣው በየወሩ መጀመሪያ በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የሒሳብ ቁጥሩም እዚያው አለ።

ገንዘብም ዕቃም የሌለው ሰው እንዳያፍር። አንድ አናጢ የሁለት ቀን ጉልበቱን ሰጥቶናል። የቤት እመቤቶች ለሠራተኛ ንፍሮና ጠላ እናዘጋጃለን ብለዋል። የጉሬዛና የድኩላ ሥዕል ሠርተው በደኑ መግቢያ የሚሰቅሉ ተማሪዎች አሉ። በሕግ የተማራችሁ ደግሞ አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ ልጆቹን ቃል አቀባበልና የኤግዚቢት አያያዝ ብታስተምሩልን፣ እኔ በስህተት የተማርኩትን እነሱ በትምህርት ያገኙታል።

ጊዜው አጭር ነው። ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ ጣሪያው መግጠም አለበት፤ ከዚያ በኋላ ጭቃው ስለማይደርቅ ምርጊት አይይዝም፣ አህያም ሲሚንቶ ጭና ዳገቱን አትወጣም። ሐምሌ 24 በዓለም ዙሪያ የዱር እንስሳት ጠባቂዎች የሚታሰቡበት ቀን ነው። በዚያ ሌሊት የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች እዚያ እንዲያድሩ እንፈልጋለን። ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ፤ ተራዬን አስመዝግቤያለሁ።

የፊታችን እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከእድሩ ቤት ተነሥተን የመሠረት ድንጋይ ማጓጓዝ እንጀምራለን። ጓንት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አህያ ያላችሁ ደግሞ ከነጭነት ገመዷ።