«ያቆረ ውኃ» የሚለው ምክር በርሜሉን አያይም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ የወባ ምክር በጋዜጣውም በሬዲዮውም ይጎርፋል። ያቆረ ውኃ አፋስሱ፣ ረግረጉን አዳፍኑ፣ አጎበር ውስጥ ተኙ ይባላል። ምክሩ ሐሰት የለበትም። ለድሬዳዋ፣ ለጅግጅጋ፣ ለሰመራ ወይም ለአዋሽ ሰባት ኪሎ ነዋሪ ግን ቀኑንም ቦታውንም ስቷል። ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። «ያቆረ ውኃ» ሲባል ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚያነሣው ወደ ቦይና ወደ ኩሬ ነው። ጓሮው ውስጥ የቆመውን፣ ትናንት ቧንቧ ሲመጣ የሞላውን፣ ሻይ የሚያፈላበትን በርሜል «ያቆረ» ብሎ የሚጠራው የለም። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው አዲሷ የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ግን እዚያ ነው።

በአገራችን የኖረችው ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቤንሲስ ናት። ከዝናብ በኋላ ፀሐይ በሚመታቸው ትናንሽ ኩሬዎች፣ በከብት ኮቴ ዱካ፣ ወንዝ ሲጎድል ዳር ላይ በሚቀር ውኃ ትራባለች፤ ሲደርቅባት ትመናመናለች። ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ አነስተኛው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የሚባለው የእርሷን ጠባይ ተከትሎ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከደቡብ እስያና ከዓረብ ባሕረ ገብ መሬት የመጣች ከተሜ ናት። ዝናብ አትጠብቅም፤ ሰው ውኃ ባጠራቀመበት ሁሉ፣ በርሜል ይሁን ሮቶ፣ ቢርካ ይሁን የግንባታ ጉድጓድ፣ ዓመቱን ሙሉ ትፈለፈላለች። በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው በጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ በእኛ አገር በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። ከዚያ በኋላ የተደረጉ አሰሳዎች ከሰመራ እስከ ጎዴ ባሉ ከተሞች አግኝተዋታል። ጅቡቲ በ2012 የመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 27 ነበር፤ በ2020 ከ73 ሺህ በላይ ሆነ። ለዚህ ሁሉ ትንኟን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ባይቻልም፣ ከመጣች በኋላ ቁጥሩ ወዴት እንደሄደ ለመረዳት ሒሳብ አያስፈልግም።

የእኛ ማስጠንቀቂያ የድሬዳዋው ነው። በከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ 2,425 ሰው ታመመ። ልብ በሉ፣ በበጋ ነው፤ የወባ ምክር ከጋዜጣ ላይ ከጠፋ በኋላ። ውጤቱ በ2023 ኔቸር ሜዲሲን በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት ሕመምተኞች በነበሩባቸው ቤቶችና በዙሪያቸው ትንኝ ሲያስስ፣ ከያዛቸው ጎልማሳ የአኖፊለስ ትንኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስቴፈንሲ ነበሩ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ለይተን እናስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በአገሪቱ የተመዘገበው ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕመምተኛ በአብዛኛው ከኦሮሚያ፣ ከአማራ፣ ከደቡብ ምዕራብና ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች ነው። የዚያን ጥፋት በስቴፈንሲ ላይ የሚያላክክ ካለ ተሳስቷል። ለገጠሩ የድሮው ምክር ዛሬም ይሠራል፤ ክርክራችን በከተማው ላይ ነው።

በርሜሉን እንዴት መፈተሽ እንደሚቻል በግልጽ የሚናገር ስለሌለ በዝርዝር እንጻፈው። ነጭ ኩባያ ወይም ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ይበቃል። ሲጠጉ ጥላዎ ውኃው ላይ አይረፍ፤ እጩ፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጣው የትንኝ ልጅ፣ ጥላ ወይም ንቅናቄ ሲሰማው ወደ ታች ይሰምጣል፣ ሰውም «ንጹሕ ነው» ብሎ ክዳኑን ይመልሳል። ከፍተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታገሡ፤ ለመተንፈስ መውጣቱ አይቀርም። ከዚያ ሳህኑን አዘንብለው ከበርሜሉ ግድግዳ ጥግ ጥጉን ይጭለፉ። የወባ ትንኝ እጭ ከውኃው ገጽ ጋር ጋደም ብሎ፣ እንደ ክር ብጣሽ ተንሳፍፎ ይታያል። የሌሎቹ ትንኞች እጮች፣ የደንጊና የቺኩንጉንያ አስተላላፊዋን ኤዴስን ጨምሮ፣ ጅራታቸው ላይ ባለ የመተንፈሻ ቱቦ ከውኃው ገጽ ተንጠልጥለው ጭንቅላታቸውን ቁልቁል ዘቅዝቀው ነው የሚታዩት። የተኛውን ካዩ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይንገሩ፤ የትኛዋ አኖፊለስ እንደሆነች መለየት የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። ውኃውን ለመድፋት ግን ውጤቱን መጠበቅ አያሻም፤ የተዘቀዘቀውም ቢሆን ይደፋል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን ያየችው በዚያችው በኤዴስ ነው።

እንቁላሉ እጭ ሆኖ፣ እጩ አድጎ ትንኝ ሆኖ እስኪበር በሞቃት ከተማ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ በሰባት ቀን አንዴ ጥርግ ተደርጎ ባዶ የሆነ ዕቃ ትንኝ አያወጣም። ወሳኙ ቃል «ባዶ» የሚለው ነው፤ ብዙ ቤት ሥራው የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል ተሟጥጦ አያልቅም፤ ሩብ ሲቀረው ቧንቧው ይመጣና በላዩ ላይ ይሞላል። ከታች ያለው እጭ ውኃ ተጨመረለት እንጂ የደረሰበት ነገር የለም። ሰው «በየሳምንቱ እቀይራለሁ» ሲል አይዋሽም፤ እየቀየረ ሳይሆን እየጨመረ ነው። የሚሻለው ትልቁን አንድ በርሜል በሁለት መካከለኛ ዕቃ መተካት ነው። አንዱ ተከድኖ ሲቆይ ሌላው እስከ ጭላጩ ያልቃል፤ ጭላጩ ደረቅ አፈር ላይ ይደፋል፤ ውስጡ በብሩሽ ተፈግፍጎ ሳይሞላ በፊት ይደርቃል። ጭላጩን ቦይ ውስጥ መድፋት እጩን ቤት ማዛወር ነው። ፍግፈጋው በተለይ ለኤዴስ ነው፤ የእርሷ እንቁላል ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ወራት ያለ ውኃ ይቆያል፣ የወባዋ ግን ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ስለሆነ አብሮ ይደፋል።

ክዳን የሚባለውም ነገር ብዙ ጊዜ ክዳን አይደለም። የቧንቧ ጎማ እንደገባበት የተተወ በርሜል ጎማው በያዘው ክፍተት ትንኝ ያስገባል። የሮቶ ክዳን ሲሰበር በድንጋይ የተጫነ ቆርቆሮ ይተካዋል፤ በቆርቆሮው ሞገድ ሥር ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይቀራል። ክዳኑ ደኅና ቢሆን እንኳ የትርፍ ውኃ መውጫው ቱቦና የአየር ማስገቢያው ክፍት ናቸው፤ እነዚህ ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ወንፊት መታሰር አለባቸው። ክዳን የሌለው በርሜል በጥቅጥቅ ጨርቅ ተሸፍኖ በላስቲክ ይታሰር፤ ጨርቁ እንደ ከበሮ ይወጠር። ከረገበ መሃሉ ላይ ውኃ ይይዛል፤ ያኔ ነው በእውነት «ያቆረው»።

ባዶ ማድረግ ለማይቻል ትልቅ ማጠራቀሚያ ቴሜፎስ የተባለ እጭ ገዳይ መድኃኒት አለ፤ ብዙዎች «አቤት» በሚለው የንግድ ስሙ ያውቁታል። ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን በአንድ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ነው። 1 በመቶ በሆነው የአሸዋ ዓይነት ሲሰላ ለ200 ሊትር በርሜል 20 ግራም፣ ለ1,000 ሊትር ሮቶ 100 ግራም ማለት ነው። የሚለካው ዕቃው ሲሞላ በሚይዘው ልክ እንጂ በዚያ ቀን ባለበት የውኃ መጠን አይደለም፤ ግማሽ ሆኖ ያገኘውን በርሜል ለግማሽ የሚሰፍር ሠራተኛ በማግሥቱ ሲሞላ መድኃኒቱን አቅጥኖታል። ሁለተኛው ስሕተት ከቤቱ ባለቤት ይመጣል። አሸዋው ሥር ስለሚዘቅጥ «ቆሻሻ ገባበት» ብሎ ያጥበዋል፤ የሁለት ወር ሥራ አብሮ ይደፋል። ሠራተኛው ከመሄዱ በፊት ያንን አሸዋ ለእማወራዋ ማሳየትና ምንነቱን መናገር አለበት። ባክቴሪያው ቢቲአይም የትንኝ እጭን ለይቶ የሚገድል ደኅና አማራጭ ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚደክም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መደገም አለበት። ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ፣ ለበረሮ የሚነፋ መርዝ ወይም የተቃጠለ ዘይት በምንም ምክንያት የመጠጥ ዕቃ ውስጥ አይገባም።

ከቤቶቹ ሁሉ በላይ የሚያሳስበን የግንባታው ጉድጓድ ነው። ኮንክሪት ለማጠጣት መሬት ተቆፍሮ፣ ላስቲክ ተነጥፎ፣ ውኃ በቦቴ ይገለበጥበታል። ፀሐይ ያገኘዋል፣ ዓሣ የለበትም፣ ውኃው ንጹሕ ነው፤ ለስቴፈንሲ ከዚህ የተመቸ ነገር አይገኝም። ሥራው ለሲሚንቶ ወይም ለገንዘብ ሲቆም ጉድጓዱ ወራት ይቆያል፤ ባለቤቱ ሌላ አገር ነው፣ ዘበኛው ደግሞ ልብሱን ያጥብበታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሥራ ላይ ያለ ጉድጓድ በየሰባት ቀኑ ይሟጠጥ፤ ካልተቻለ ቢቲአይ ወይም ቴሜፎስ ይጨመርበት፤ ሥራ ሲቆም ላስቲኩ ይነሣና ይደፈን። የተቃጠለ ዘይት እዚህም አይሆንም፤ ዘይት የነካው ውኃ የኮንክሪቱንና የልስኑን መያያዝ ያበላሻል። ይህ በግንባታ ፈቃዱ ላይ እንደ ግዴታ ካልተጻፈ ግን በልመና የሚሆን አይመስለንም። ስቴፈንሲን ከመቶ ዓመት በላይ የሚያውቃት የሙምባይ ማዘጋጃ ቤት የውኃ ታንኩን ትንኝ እንዳይገባበት አድርጎ ያልዘጋ ባለንብረትን በሕግ ይጠይቃል፤ ተቆጣጣሪ ወደ ጣሪያው የሚወጣበት መሰላል ሳይቀር ይፈልጋል። የእኛ ተቆጣጣሪ ፎቅ ላይ ያለ ሮቶ ለማየት ከባለቤቱ ወንበር ይለምናል።

በውኃ ቢሮዎችም ላይ ሸክም አለ። ሰው በርሜል የሚያሰልፈው ወዶ አይደለም። ፈረቃው በሦስት ቀን የሚደርስበት ሰፈርና በአሥራ አምስት ቀን የሚደርስበት ሰፈር እኩል የእጭ ስጋት የለባቸውም፤ ሆኖም የፈረቃ መርሐ ግብር ሲወጣ የወባ ባለሙያ ተጠይቆ አያውቅም።

አጎበርን በተመለከተ፣ አትጣሉት። ነገር ግን ይህቺ ትንኝ ሰው ከመተኛቱ በፊትም ትነክሳለች፣ ከብትና ፍየል ላይ ትመገባለች፣ ከመኝታ ቤት ይልቅ በረትና ውጭ ማረፍ ይቀናታል። በአገራችን በተፈተሸችባቸው ቦታዎችም ብዙዎቹን የጎልማሳ ትንኝ መድኃኒቶች ተቋቁማለች፤ እጮቿ ግን በቴሜፎስ ይሞታሉ። ግድግዳ ረጭቶ መተኛት የማያዋጣው፣ በርሜሉ ላይ የምንጮኸውም ለዚህ ነው።

ለሐኪም ቤቶች አጭር መልእክት አለን። በጥር ትኩሳት ይዞት የመጣ ከተሜ ታይፎይድ ወይም ተስቦ ተብሎ መድኃኒት ይዞ እንዳይመለስ የደም ምርመራ ይታዘዝለት። የፈጣን ምርመራው ውጤት «የለም» ቢልም ትኩሳቱ ካልለቀቀ ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን የሚፈልገው ፈጣን ምርመራ፣ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል የጠፋበትን ፋልሲፓረም የተባለ የወባ ጥገኛ አያይም፤ እንዲህ ያለው ጥገኛ ደግሞ በአገራችን አለ። ፋልሲፓረም ሆኖ ከተገኘ 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ኮአርቴም የተባለውን የወባ መድኃኒት የሚወስደው በአንድ ጊዜ አራት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን ነው፤ በድምሩ 24 ፍሬ ማለት ነው። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው በስምንተኛው ሰዓት ይወሰዳል፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ቢሆን ደሙ ውስጥ በደንብ ይገባል። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ስለበረደ ቀሪውን ለሚቀጥለው ሕመም የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ ነው። ከዚህ ጋር በኪሎ 0.25 ሚሊ ግራም የሚሰጠው የአንድ ጊዜ ፕሪማኪን ሕመምተኛውን ለመፈወስ አይደለም፤ ከእርሱ ወደ ትንኝ የሚያልፈውን ዘር ለመግደል ነው። ለነፍሰ ጡርና ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ትንኟ ጓሮ ባለችበት ከተማ ይህቺን አንዲት መጠን መዝለል ጎረቤትን ማስነከስ ነው።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለን። በየመስከረሙ ከወባ ምክር ጋር የምታወጡት ሥዕል ረግረግ ዳር አካፋ የያዙ ሰዎችን ያሳያል። ሁለት እጮች ጎን ለጎን፣ አንዱ ተኝቶ አንዱ ተዘቅዝቆ፣ ከሥራቸው የበርሜል አፍ ያለበት ሥዕል አሠርታችሁ በጥር እትማችሁ ብታወጡልን ቆርጦ በርሜሉ አጠገብ የሚለጥፈው አይጠፋም።

የወባ መከላከልና የነፍሳት ጥናት ባለሙያዎች
ድሬዳዋ